ፒዲኤፉ ከበደን ላላችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ከባድ ፋይል ናቸው። ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። 40 ገጽ ማስታወሻ ለተማሪዎቼ በቴሌግራም ብልክ 60 ሜጋባይት ሆነ። ልጆቹ «ዳታችንን ጨረሰው» እያሉኝ ነው። ጽሑፍ ብቻ እኮ ነው፤ ምን አከበደው?

መልስ፦ ልጆቹ እውነታቸውን ነው። በዎርድ ጽፈህ፣ አትመህ፣ ከዚያ ስካን አድርገኸው ከሆነ የላክህላቸው ጽሑፍ ሳይሆን የ40 ወረቀት ፎቶ ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) በቀለም ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ይህ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስካነሩ አምቆልህ እንኳ በገጽ 1.5 ሜጋባይት ቀርቷል።

የዎርዱ ፋይል ካለህ ወረቀቱን ተወው። «ሴቭ አዝ» ብለህ ፒዲኤፍ ምረጥ፣ እዚያው «ሚኒመም ሳይዝ» የሚለውን ንካ። በጣም ይቀልልሃል፤ ልጆቹም በስልክ ሲያጎሉት ፊደሉ አይደበዝዝባቸውም።

ያለህ ወረቀቱ ብቻ ከሆነ ቀለሙን ትተህ በግሬይስኬል (በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ)፣ በ150 ዲፒአይ ስካን አድርገው። ዲፒአዩ በግማሽ ሲቀንስ በቁመትም በወርድም ስለሚቀንስ ነጥቡ ሩብ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በታች ግን ባትወርድ እመርጣለሁ። ሉ እና ሊን አስተውላቸው፤ የሚለያቸው ያቺ ትንሽ ጭረት ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። በ72 ዲፒአይ እሷ ትጠፋለች፣ ተማሪው ደግሞ እየገመተ ያነባል።

ጥያቄ፦ ዚፕ ባደርገውም ምንም አልቀነሰም፤ ለምን?

መልስ፦ ፒዲኤፉ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ድሮውኑ የታመቁ ስለሆኑ ነው። በዚፕ አትድከም።

ጥያቄ፦ ሪፖርቴ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች በማውስ ጎትቼ አሳነስኳቸው፤ የፋይሉ መጠን ግን ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያነሰው ለዓይን ብቻ ነው፤ ዎርድ ዋናውን ፎቶ እንዳለ ይዞታል። አንዱን ፎቶ ነክተሽ «ፒክቸር ፎርማት» ውስጥ «ኮምፕረስ ፒክቸርስ»ን ክፈቺ። ለዚህ ፎቶ ብቻ የሚለውን ምልክት አንሺና ዌብ፣ 150 ፒፒአይ የሚለውን ምረጪ። የተቆረጠውን ክፍል አጥፋ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አደራ እዪ። ካልጠፋ ከፎቶው ዳር የቆረጥሽውን ሰው ዎርዱን የላክሽለት ሁሉ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ይህን ሁሉ ግን በኮፒው ላይ ሥሪ፤ አንዴ ከታመቀና ከተቀመጠ ወደ ኋላ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ለቪዛ ማመልከቻ ፓስፖርቴን ከ2 ሜጋባይት በታች አድርጊ ተብያለሁ። በነጻ የሚያሳንስ ድረ ገጽ ላይ ልጫነው?

መልስ፦ ፓስፖርትሽን? አይሆንም። ስትጭኚው ፋይሉ ወደማታውቂው ኮምፒውተር ይሄዳል፣ እዚያ ምን እንደሚደረግበትም አታዪም። አንድ ገጽ እኮ ነው፤ በ150 ዲፒአይ እንደገና ስካን አድርጊውና በጄፔግ አስቀምጪው፣ ከ2 ሜጋባይት በታች ይገባልሻል። ማክ ካለሽ ደግሞ ፒዲኤፉን በፕሪቪው ከፍተሽ፣ «ኤክስፖርት» ብለሽ፣ ከ«ኳርትዝ ፊልተር» ውስጥ «ሪዱስ ፋይል ሳይዝ»ን ምረጪ። ከመላክሽ በፊት ግን ከፎቶሽ በታች ያሉት ሁለት መስመር ፊደላትና ቁጥሮች አንድ በአንድ የሚነበቡ መሆናቸውን አጉልተሽ እዪ።