መልስ፦ ከጠርሙስ የወጡ የኦርኪድ ችግኞች መሃላቸው ለምን ይጠቁራል?

እህቴ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ፣ ምግብ ባለው ዝልግልግ ጄል ላይ ያደጉት የኦርኪድ ችግኞችሽ ከጠርሙሱ በወጡ በሳምንታቸው መሃላቸው እየጠቆረ እንደሚሞቱብሽ ጽፈሻል። በእኔም ደርሷል፤ ልብ ይሰብራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቅጠሎቹ መሃል የሚያድር ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት አጠጪ። የቀረችውን ጠብታ በሶፍት ጫፍ አድርቂያት።

ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ጄል ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብለሽ እጠቢው፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ ሻጋታ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በደቃቁ የተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ትከያቸው። የአትክልት አፈር ግን በፍጹም! ሥሩ አየር ያጣል።

ክዳን ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ዕቃ እርጥበት ይይዛል፤ በየቀኑ ትንሽ ክፈቺው። ብርሃን ይግባ፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታቸው። ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ከሆኑ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማቸዋል። ማዳበሪያ የምትጀምሪው ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር ብቅ ሲል ነው፤ ያውም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ።