«ላል ቂላ» በአማርኛ፦ ምሽግ፣ ግንብ ወይስ ግቢ?

ጥያቄ፦ በህንድ ደልሂ ከተማ ስለሚገኘው «ላል ቂላ» (ላል ቀይ፣ ቂላ የተመሸገ ግንብ ማለት ነው) የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዳንዶች «ቀዩ ምሽግ»፣ ሌሎች «ቀዩ ግንብ»፣ ጥቂቶች ደግሞ «ቀዩ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። የትኛው ይሻላል? ያሠራውን ሥርወ መንግሥትስ «ሙጋል» ልበል ወይስ «ሞንጎል»?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም ቃላት ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚይዙት የቦታውን አንድ ገጽ ብቻ ነው። ላል ቂላን ያሠራው አምስተኛው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ነው። መናገሻውን ከአግራ ወደ ደልሂ ለማዛወር ወስኖ በ1639 ሥራውን አስጀመረ፤ በ1648 ተመርቆ ገባበት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተሠራው ቅጥር ዙሪያው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍታው ቀድሞ የያሙና ወንዝ ይፈስበት በነበረው በኩል 18 ሜትር፣ በከተማው በኩል ደግሞ እስከ 33 ሜትር ይደርሳል። ከውጭ ለሚያየው ጦር የሚመክት ነው። በላሆር በር ገብቶ ጣሪያ ያለውን የገበያ መተላለፊያ ላለፈ ሰው ግን የሚቀበሉት አዳራሾች፣ እልፍኞች፣ የአትክልት ስፍራዎችና መታጠቢያ ቤቶች ናቸው።

«ምሽግ» የማልመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። «መሸገ» ከሚለው ግሥ የወጣው ይህ ቃል በመሠረቱ ማንኛውንም የመከላከያ ይዞታ ሊያመለክት ይችላል፤ በዛሬው አነጋገር ግን «ምሽግ ቆፈረ»፣ «ምሽግ ሰበረ» ስንል የሚታየን ወታደር የተደበቀበት ጉድጓድ ነው። ንጉሥ በእብነ በረድ አዳራሽ ተቀምጦ መኳንንቱን የሚቀበልበትን ቦታ «ምሽግ» ብሎ መጥራት አንባቢውን ወደ ጦር ሜዳ ይወስደዋል። ቃሉ በጽሑፍዎ ውስጥ ጭራሽ አይግባ ማለቴ አይደለም። የሻህ ጃሃን ልጅ አውራንግዜብ በሁለቱ ዋና በሮች ፊት ለፊት ያስጨመራቸው መከላከያዎች ምሽግ ቢባሉ ቅር የሚያሰኝ አይደለም። ህንዶች በ1857 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካመፁ በኋላ እንግሊዞች አብዛኛውን የውስጥ ሕንፃ አፍርሰው የወታደር ማደሪያዎች ስለሠሩበት፣ የዚያ ዘመን ታሪክ ላይ ሲደርሱ «የጦር ሰፈር» ማለት ይችላሉ።

«አምባ» የሚለውን ቃል ባይጠቅሱትም፣ በሌሎች ትርጉሞች ላይ ስለማየው አንድ ነገር ልጨምር። አምባ ተፈጥሮ የመሸገችው፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ነው። ላል ቂላ የቆመው በሜዳ ላይ ስለሆነ ቃሉ አይስማማውም። ከደልሂ በስተ ደቡብ ላለው ለጓሊየር ግን ልክ እንደ ተሰፋለት ልብስ ይሆነዋል፤ ያ ቂላ በገደላማ ኮረብታ አናት ላይ የተሠራ ከመሆኑም በላይ ሙጋሎች የንጉሥ ዘር የሆኑትን የሚያስሩበት ስለነበር፣ አምባ ግሸንን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የእኔ ምርጫ «ግንብ» ነው። ግንብ በድንጋይና በኖራ ታንጾ የቆመ ሥራ ነው፤ ግድግዳውንም ሕንፃውንም በአንድነት ይይዛል። ከዚህም በላይ «የፋሲል ግንብ» እያልን ስላደግን፣ ቃሉ ከመከላከያነቱ ጋር የንጉሥ ማደሪያነትን ይዞ ይመጣል። ይህ ዝምድና የቃል ብቻ አይደለም። ላል ቂላ በተመረቀበት በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል-ሐይሚ፣ የዐፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት ያነጸው ህንዳዊ ግንበኛ እንደሆነ ጽፏል። በ1660ዎቹ ደግሞ ዐፄ ፋሲል የላኳቸው መልእክተኞች ደልሂ ደርሰው በአውራንግዜብ ፊት መቅረባቸውን፣ በዚያን ጊዜ በከተማዋ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒዬ መዝግቧል።

«ቤተ መንግሥት» ለጠቅላላው ስም ከሆነ በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን የየራሳቸው ስም ያላቸውን ቤቶች ለመጥራት ቃል ያጥርዎታል፤ ስለዚህ ለእነዚያ ያቆዩት። በቅጥሩ የተከበበውን ስፍራ በሙሉ «ግቢ» ይበሉት፤ «የፋሲል ግቢ» እንደምንለው ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነሡት «ግንቡ» ወይም «ግቢው» ማለት ይበቃል፤ ስሙን በየዐረፍተ ነገሩ መደጋገም አያስፈልግም።

ሌላው ነገር ቅጽሉ ነው። «ቀዩ ግንብ» ስንል ከብዙ ግንቦች መካከል ቀይ የሆነውን ለይተን ማመልከታችን ነው፤ መጠሪያ ሲሆን ግን አማርኛ ብዙ ጊዜ ያለ «ኡ» ይናገራል። ቀይ ባሕር፣ ቀይ መስቀል፣ ጥቁር አንበሳ እንላለን እንጂ ቀዩ ባሕር የሚል የለም። «ነጩ ቤተ መንግሥት» የሚለው የዜና አጠራር ከዚህ ልማድ የወጣ ቢሆንም በጣም ስለተለመደ የሚነቀል አይመስለኝም። ለእርስዎ ጽሑፍ «ቀይ ግንብ» እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ ይህ ስም የቅጥሩን ቀለም ብቻ የሚናገር ነው፤ በሻህ ጃሃን ዘመን የሚጠራው «ቂላ-ኢ-ሙባረክ»፣ ማለትም የተባረከ ግንብ፣ ተብሎ ሲሆን የንጉሡ እልፍኞችም ነጭ እብነ በረድ ናቸው።

የውስጥ ቤቶቹን ስም በተመለከተ የአገራችን የቤተ መንግሥት ቋንቋ ከጠበቁት በላይ ይረዳዎታል። «ናቃር ካና» ከበሮና መለከት በቀን አምስት ጊዜ የሚሰማበት፣ ከንጉሣዊው ዘር በቀር ሁሉም ከዝሆኑ ወርዶ በእግሩ የሚያልፍበት በር ቤት ስለሆነ «የነጋሪት ቤት» ቢባል ያምራል። «ዲዋን-ኢ-አም» ንጉሡ ከፍ ባለ መቀመጫ ሆኖ የሕዝብን አቤቱታ የሚሰማበት፣ በሦስት በኩል ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው፤ «የአደባባይ አዳራሽ» ይበሉት። የፒኮክ ዙፋን የሚባለው የሙጋል ነገሥታት የከበረ ዙፋን ይቆምበት የነበረው፣ የፋርሱ ናዲር ሻህም በ1739 ዙፋኑን የወሰደበት «ዲዋን-ኢ-ካስ» ደግሞ የተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚገቡበት ስለሆነ «እልፍኝ» የሚለው ቃል ይበቃዋል፤ እልፍኝ አስከልካይ የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚሁ ዓይነት ቤት ነው። በእልፍኞቹ ወለል መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈውን፣ ራንግ ማሃል በሚባለው ቤትም እንደ ሎተስ አበባ በተፈለፈለ የእብነ በረድ ገንዳ ውስጥ የሚወርደውን ቦይ ግን «ናህር-ኢ-ቢሂሽት» ብለው፣ ትርጉሙን «የገነት ወንዝ» ብለው ያስከትሉ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስመጣ፣ «ሙጋል» ይጻፉ። ቃሉ በፋርስኛ ሞንጎል ከሚለው የመጣ ነው፤ በ1526 በፓኒፓት ድል አድርጎ ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው ባቡርም በእናቱ በኩል የጄንጊስ ካን ዘር ነው። ነገር ግን በአባቱ በኩል ትውልዱ ከመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ከቲሙር ሲሆን፣ የቤተ መንግሥቱም የጽሕፈት ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። «የሞንጎል ነገሥታት» ብለው ከጻፉ አንባቢው የሚያስበው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከእስያ ሜዳ የተነሡትን ፈረሰኞች ይሆናል። «ሙግሃል» የሚለው አጻጻፍ ደግሞ የላቲኑን ፊደል አንድ በአንድ ከመገልበጥ የመጣ ስለሆነ «ሃ»ውን ያውጡት።