ሌንስ ስታዲየም ልጅህን ይዘህ ለመሄድ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። በ2023 በሻምፒዮንስ ሊግ የሰሜን ፈረንሳዩ ክለብ ሌንስ በሜዳው አርሰናልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን የሰማኸው የደጋፊ ድምፅ እስካሁን ከጆሮህ አልወጣም። አሁን ከብራሰልስ ተነስተህ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅህን ይዘህ፣ እዚያው ሜዳ ላይ አንድ የሊግ ጨዋታ ማየት ፈልገሃል። ቲኬት እንዴት ይገኛል፣ የት እንቀመጥ፣ ለልጅስ ይሆናል ወይ ነው ያልከው። እኔ የምኖረው ሊል ነው። ሌንስ ከኛ በባቡር አርባ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የራሴንም ልጅ ወስጄዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ለጨዋታው ሰዓት አትድረስ፤ ጠዋት ድረስ። የሌንስ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚዘፍን የሚገባህ ከተማውን በእግርህ ዞረህ ካየኸው በኋላ ነው። የከተማው ሕዝብ 32 ሺህ ገደማ ነው። ስታዲየሙ ግን 38 ሺህ ሰው ይይዛል። እስቲ አስበው፣ ከተማው እንዳለ ቢገባ ገና ወንበር ይተርፋል። ያንን ወንበር የሚሞላው ደግሞ ከዙሪያው ካሉት የማዕድን መንደሮች የሚጎርፈው ሰው ነው። ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በነበረበት ጊዜ እንኳ ሰው አልጠፋም።

አካባቢው የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። ክለቡ የተመሠረተው በ1906 ነው። በዚያው ዓመት ማርች 10 ቀን ከከተማው አጠገብ ባለው የኩሪዬር ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 1,099 ሰው አለቀ። ከሟቾቹ መካከል ገና ልጆች የነበሩ ሠራተኞች አሉበት። ስታዲየሙን ያሠራው የማዕድን ኩባንያው ራሱ ሲሆን የተከፈተው በ1933 ነው። ስታዲየሙ ቦላር ደለሊስ ይባላል፤ ቦላር የሚለው ስም የኩባንያው ኃላፊ የነበረ ሰው ስም ነው። ከሱ ቀጥሎ የተጨመረው ደለሊስ ደግሞ ኩባንያው እጁን ሲያነሳ ክለቡ እንዳይወድቅ የደገፈው ከንቲባ ነው። የክልሉ የመጨረሻ ጉድጓድ በ1990 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥነቱ ከብዷል። እዚያ የሚዘፍኑት ሰዎች አባታቸው ወይም አያታቸው ከመሬት በታች የሠራ ነው። ይህን ለልጅህ ባቡር ውስጥ ሆነህ ንገረው።

ስትደርሱ ከጣቢያው ወጥታችሁ ዞር ብላችሁ ሕንፃውን እዩት። የእንፋሎት ባቡር እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። የሰዓቱ ማማ የባቡሩ ጭስ ማውጫ ነው። የኔ ልጅ እዚያ ቆሞ አልንቀሳቀስም ብሎኝ ነበር። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ሉቭር ሌንስ ሂዱ። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ቅርንጫፍ ነው፤ በ2012 ነው የተከፈተው፤ የቆመውም በድሮ የማዕድን ጉድጓድ ቦታ ላይ ነው። ዋናው አዳራሽ በነፃ ነው። ማክሰኞ ግን ዝግ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ከከተማው አጠገብ ሎስ አን ጎኤል ያሉትን ሁለት ጥቁር የከሰል ዝቃጭ ተራሮች ውጡ። ዩኔስኮ የመዘገበው የማዕድን ምድር አካል ናቸው። ከላይ ሆናችሁ ስትመለከቱ ስታዲየሙ ከመንደሮቹ መሀል ጎልቶ ይታያል። መውጣቱ ትንሽ ያስተነፍሳል እንጂ ለልጅ አይከብድም።

ምግብን በተመለከተ፣ በስታዲየሙ ዙሪያ የተጠበሰ ድንች የሚሸጡ ተሽከርካሪ ሱቆች ታገኛላችሁ። ድንቹ ግሩም ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ጠይቁ። በዚህ አገር ድንቹን በበሬ ሞራ መጥበስ የቆየ ልማድ ነው። ረቡዕና አርብ የሚውል ጨዋታ ስለማይጠፋ ነው የማነሳው። ፍሪካዴል የሚሉት ቋሊማም ውስጡ የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል ሙስሊም ወዳጆቻችን ሳይጠይቁ ባያዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ቲኬቱ። ከክለቡ ድረ ገጽ ብቻ ግዛ። ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ቢያልቅብህም ተስፋ አትቁረጥ፤ የዓመት ቲኬት ያላቸው ሰዎች መምጣት ሲያቅታቸው ወንበራቸውን በክለቡ በኩል መልሰው ይሸጣሉ። በሩ ላይ ቆሞ «ቲኬት አለኝ» ከሚል ሰው አትግዛ። መታወቂያ ያዝ፣ ትልቅ ሻንጣ ይዘህ አትምጣ። ዋጋው ከእንግሊዝ ጋር ሲወዳደር እጅግ ይቀንሳል።

የት እንቀመጥ ላልከው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። በብዙ ስታዲየም ቀንደኛ ደጋፊ የሚቆመው ከጎል ኋላ ነው። ሌንስ ግን በሜዳው ርዝመት በኩል፣ ማሬክ በሚባለው ትሪቡን (የተመልካች መቀመጫ ክፍል) ነው። ማሬክን የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በለው። ዘጠና ደቂቃ ቆሞ ነው፤ ከበሮ አለ፤ ባንዲራ ዓይን ይሸፍናል። ልጅህ ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ በቀር ምንም አያይም። ስለዚህ ከማሬክ ፊት ለፊት ያለውን ትሪቡን ምረጥ። እዚያ ሆነህ ጨዋታውንም ማሬክንም ባንድ ላይ ታያለህ። ሽማግሌው፣ እናቱ፣ ልጁ ያለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀምር ሲል ከወንበርህ አትጥፋ። ለቡና የሚወጣ እንግዳ ያመልጠዋል። ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ ሻርፑን ወደ ላይ ዘርግቶ ስለ ማዕድን ሠራተኞች ሕይወት የሚናገር የቆየ የፈረንሳይ ዘፈን ይዘፍናል። ሙዚቃው መሀል ላይ ሲቆም የሚቀረው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። እኛ ስንሄድ አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘፈኑ ሲጀመር ግን ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ አንዱን ጫፍ ለልጄ አስያዘው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ልጄ ይዘው እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ቆሙ። ልጄ ቁመቱ ስለማይደርስ ሻርፑ ወደሱ ያዘነብላል፤ ሽማግሌው ደግሞ ለሱ ብሎ እጁን ዝቅ ያደርጋል። ሰውየው ፈረንሳይኛ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ልጄ ደግሞ ያኔ ፈረንሳይኛው ገና ነበር።

ደኅንነቱን በተመለከተ፣ በተራ የሊግ ጨዋታ ምንም አትስጋ። እንደ ጥቁር ሰውም፣ እንደ እንግዳም የገጠመኝ ክፉ ነገር የለም። አካባቢው ድሮም በስደተኛ የተገነባ ነው፤ የፖላንድ፣ የጣሊያን፣ የሞሮኮ ልጆች ናቸው። ስታዲየሙ አጠገብ በማርክ ቪቪየን ፎዬ ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። ካሜሩናዊው ፎዬ ሌንስ በ1998 ሻምፒዮን ሲሆን ከቡድኑ ጋር ነበር። በ2003 ለአገሩ ሲጫወት ሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ ክለቡ 17 ቁጥር ማልያውን ለሌላ ተጫዋች አልሰጥም አለ። አፍሪካዊ ልጅ ይዞ የሚሄድ አባት ያንን ጎዳና ሳያሳየው ባይመለስ ደስ ይለኛል።

ከሊል ጋር የሚደረገውን ደርቢ (የጎረቤት ቡድኖች ጨዋታ) ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አትምረጥ። ሊል እየኖርኩ ነው ይህን የምልህ። በሴፕቴምበር 2021 በእረፍት ሰዓት ደጋፊ ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ዘግይቶ ነበር። ለልጅ የሚሆን ቀን አይደለም። ከመሀል ሰንጠረዥ ቡድን ጋር የሚደረግ የእሑድ ከሰዓት ጨዋታ ፈልግ።

አንድ ቀን አርሰናል ተመልሶ ቢመጣና ከአርሰናል ደጋፊዎች ጋር የሚያስቀምጥ የእንግዳ ደጋፊ ቲኬት ብታገኝ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የአውራጃው አስተዳዳሪ የእንግዳ ደጋፊዎችን ጉዞ ማገድ ይችላል። ውሳኔው ጨዋታው ሲቃረብ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የማይመለስ የባቡርና የሆቴል ክፍያ አስቀድመህ አትክፈል። ጨዋታው ካለቀም በኋላ የአገሬው ሰው እስኪወጣ ድረስ እናንተን ያቆዩአችኋል።

የማታ ጨዋታ ከሆነ የመመለሻውን ባቡር ቲኬቱን ከመግዛትህ በፊት እይ። ሦስት ሰዓት ማታ የሚጀምር ጨዋታ አምስት ሰዓት ገደማ ነው የሚያልቀው፤ ያኔ ወደ ሊል የሚሄደው ባቡር ጥቂት ነው፤ ወደ ብራሰልስ ደግሞ እስከ ጠዋት አታገኝም። ሌንስ ሆቴል ብዙ የለም። ሊል እደሩ፤ ጠዋት ባቡሩ ብራሰልስ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። የጨዋታውን ቀን ስትመርጥ እዚህ ጻፍልኝ፤ እኔም ከልጄ ጋር መምጣት እፈልጋለሁ።