መብራት ሲመጣ የማይመለሰው ዋየርጋርድ፣ እና ሌሎች የራውተር ጥያቄዎች

ቤት ያለውን አሮጌ ራውተር ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ (የራውተሩን የፋብሪካ ሶፍትዌር የሚተካ ነፃ ሶፍትዌር) መቀየር ይቻላል? (ከሽምብጥ)

ከሞዴሉ ስም ይልቅ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የቨርዥን ቁጥር ይዩ። ስማቸው አንድ ሆኖ ቺፓቸው የሚለያይ ብዙ ናቸው፤ የአንዱን ፋይል ሌላው ላይ መጫን ራውተሩን ሊገድለው ይችላል። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ከሆነ ይተዉት፤ 16 እና 128 ካለው ይመቻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫነው «ፋክተሪ» የሚለው ፋይል ነው፣ «ሲስአፕግሬድ» ለኋላ ማሻሻያ ነው። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይጫኑ። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ባይነኩት ይሻላል።

የቤቴ ኢንተርኔት በሙሉ በዋየርጋርድ (ግንኙነቱን አመስጥሮ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚወስድ ቪፒኤን) አድርጎ በተከራየሁት ሰርቨር ያልፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ይነሳል፣ ዋየርጋርዱ ግን አይገናኝም። ቁልፍ ስቀይር ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል። (ከግሽ ዓባይ)

ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ሰዓቱ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም። ሲነሳ ከቅንብር ፋይሎቹ መካከል በመጨረሻ የተለወጠውን ፈልጎ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ቅንብሩን ከነኩ ሁለት ወር ከሆነ ራውተርዎ ሁለት ወር ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ዋየርጋርድ ግንኙነት በጠየቀ ቁጥር ሰዓቱን አብሮ ይልካል፤ ሰርቨሩም ካለፈው ያነሰ ሰዓት ሲያይ አሮጌ መልእክት የተደገመበት መስሎት ዝም ይላል። አዲስ ቁልፍ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሰርቨሩ ስለ እሱ የሚያስታውሰው ሰዓት የለውም።

ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት አምጥቶ የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ደግሞ በዚያው በተዘጋ ዋየርጋርድ በኩል ይሞክራል፤ አዙሪት። ዲኤንኤሱ (የድረ-ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) የተመሰጠረ ከሆነም ያው ነው፣ የሰርተፊኬቱ ቀን ገና ያልደረሰ ይመስለዋል።

ለጊዜው «ሲስተም» ገጽ ላይ ሰዓቱን ከብራውዘሩ ጋር የሚያስተካክለውን በተን ይጫኑ። ለዘለቄታው የኤንቲፒ ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በአይፒ ይጻፉ (ለምሳሌ 162.159.200.1)፣ ለዚያ አድራሻም በዋየርጋርድ የማያልፍ፣ በቀጥታ በዋን (ከኢንተርኔት አቅራቢው በሚመጣው መስመር) የሚወጣ ቋሚ ሩት (መንገድ) ይስጡት። ከዚያ መብራቱን ራስዎ አጥፍተው ይፈትኑ። ባትሪም ይረዳል፤ ራውተሩ 12 ቮልት የሚበላ ከሆነ፣ ባለ 12 ቮልት ውጤት አነስተኛ ዩፒኤስ ኢንቨርተር ሳያስፈልገው ያቆየዋል። ፋይበር የሚገባበትን ሳጥንም አብሮ ካልያዘው ግን ትርፉ ዋይፋይ ብቻ ነው።

ፎቶዎቼን ቤት ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩ። ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ በር) ከፍቼም ከውጭ አይገባም። (ከፔዳ አካባቢ)

ራውተሩ ላይ የዋን አድራሻውን ይዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ ደንበኛ ጋር ይጋራሉ፤ ፖርት መክፈት ከንቱ ድካም ነው። በ192.168 ከጀመረ ፊት ለፊቱ ሌላ ራውተር አለ። ያኛውም 192.168.1.1 ከሆነ የእርስዎን ወደ 192.168.10.1 ይቀይሩ፣ አለዚያ ይጋጫሉ። አድራሻዎ በ100.64–100.127 ውስጥ ከሆነ ግን የውጭ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር ይከራዩና ቤትዎ በዋየርጋርድ ወደ እሱ ይደውል፤ «ኪፕአላይቭ» (ግንኙነቱ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከው ምልክት) 25 ሰከንድ ይሁን። የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ግን በምንም መንገድ ለውጭ አይክፈቱ።

ጣና ዳር ላለው የእንግዳ ማረፊያችን የእንግዳ ዋይፋይ ለየሁ፤ ስልኮቹ «አይፒ በማግኘት ላይ» ብለው ይቀራሉ።

በፋየርዎሉ የእንግዶቹ ዞን «ኢንፑት» (ወደ ራውተሩ ራሱ የሚገባው) መዘጋቱ ትክክል ነው፣ ግን ዩዲፒ 67 (አይፒ አድራሻ የሚጠየቅበት) እና ፖርት 53 (ዲኤንኤስ የሚጠየቅበት) ካልተፈቀዱ ስልኩ አድራሻም ስምም አያገኝም። እነዚህን የሚፈቅዱ ሁለት ሩል (ደንብ) ይጨምሩ። ዋይፋዩ ላይም እንግዳ የሌላውን እንግዳ ስልክ እንዳያይ «አይሶሌት» የሚለውን ያብሩ።