በባዶ ኪስ የሱፐርሂሮ ፊልም፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር እስካሁን ሦስት የሱፐርሂሮ ፋን ፊልም ሠርተናል። አንዱ አሳፋሪ ነው። ሁለተኛው ይታያል። ሦስተኛውን እኔም ደጋግሜ አየዋለሁ። ሙያዬ ፊልም አይደለም፤ ገንዘቡ ከደሞዝ የተረፈ፣ ጊዜው ከቅዳሜና እሁድ የተሰረቀ ነው። ፋን ፊልም ስል፣ አድናቂ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራውን አጭር ፊልም ማለቴ ነው። ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ስክሪፕቴ 40 ገጽ ደርሷል፤ ገና አላለቀም። ቀረጻ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ ልጨርሰው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተወውና ቁረጠው። አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል። 40 ደቂቃ ለአማተር ቡድን ስንት ቅዳሜ እንደሆነ አስበው። የኔ የመጀመሪያ ፊልም 35 ደቂቃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ስምንት ወር ፈጀ። በመሀል ዋናው ተዋናይ ሥራ ቀየረና ፀጉሩን ተላጨ። ጀግናችን በር ሲከፍት ጎፈሬ ነው፣ በሩን አልፎ ሲገባ መላጣ። አሳፋሪው ያልኩት እሱን ነው።

ሳንዲ ኮሎራ በ2003 (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የሠራው "ባትማን፦ ዴድ ኤንድ" ዛሬም ስሙ የሚነሳ ፋን ፊልም ነው። ርዝመቱ 8 ደቂቃ ገደማ ብቻ። ሰውየው ደግሞ ጀማሪ አልነበረም። ለመጀመሪያህ 5 ደቂቃ፣ ሁለት ቦታ፣ ሦስት ሰው ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ካሜራ እስክገዛ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ። ስልኩን በአውቶማቲክ ከተውሽው ግን ጉድ ይሠራሻል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ፎከሱንም ብርሃኑንም ቆልፊ። በሴኮንድ 24 ፍሬም አድርጊው፣ ሹተሩን፣ ማለት እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አካባቢ ያዢ፤ እንቅስቃሴው የሲኒማ መልክ የሚይዘው በዚህ ነው። ፀሐይ ላይ በዚህ ሹተር ምስሉ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ ለሌንሱ እንደ ጥቁር መነጽር የሚያገለግል ኤንዲ ፊልተር ያስፈልግሻል። ዙም አትንኪ፤ በእግርሽ ቅረቢ።

ማታ መቅረጽም ይቅርብሽ። ስልክ ጨለማ ውስጥ ምስሉን አሸዋ ያደርገዋል። ጀግናሽ የሌሊት ሰው ከሆነ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ያለችውን አጭር ጊዜ ጠብቂ። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ የመንገድ መብራት ደግሞ በርቷል። ቀድመሽ ተለማምደሽ ካልመጣሽ ግን ሳትጀምሪ ይመሻል።

ጥያቄ፦ የኔ ጀግና ይበርራል። ያለ ኮምፒውተር ግራፊክስ እንዴት አበርረዋለሁ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስህ፦ ሱፐርማን ራሱ በ1938 በኮሚክ መጽሐፍ ሲወጣ አይበርርም ነበር፤ ይዘላል። መብረር የመጣው ቆይቶ ነው። በ1948 ደግሞ በተከታታይ ክፍል የሲኒማ ፊልም ሲሠሩት ማብረሩ ስላቃታቸው ተዋናዩ ከመሬት ሲነሳ በካርቱን ስዕል ይቀይሩት ነበር። ባለ ስቱዲዮዎቹ እንዲህ ከሆኑ አንተ ምን አሳፈረህ?

የኔ መላ ይህ ነው፦ በረራውን አታሳይ፤ በረራው ያደረሰውን አሳይ። ሦስተኛው ፊልም ላይ እንዲህ አደረግን። አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች። ጥላ መሬቱ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ጥላው ካርቶን ቆርጠን በእንጨት ላይ ያሰርነው ነው። ሁለት ሰዎች ከካሜራው ውጪ ሆነው በትልቅ ካርቶን አየሩን ያራግባሉ፤ አንሶላው ይነሳል። ሴትየዋ ቀና ትላለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ብቻ ነው። ያዩት ሁሉ "እንዴት አበረራችሁት?" ብለው ጠይቀውናል። አላበረርነውም።

ፊቱን ከሰማይ ጋር የግድ ማሳየት ካለብህ፣ ተዋናዩን ጠንካራ አግዳሚ ላይ በሆዱ አስተኛው። ካሜራውን ከታች አድርገህ ወደ ላይ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ ያዝ። ከጀርባው ባዶ ሰማይ ይሁን። ቬንትሌተር ፊት ለፊቱ፣ አንድ ሰው ካባውን ከኋላ እያርገበገበ። ከ2 ሴኮንድ በላይ አታቆየው። 3 ሴኮንድ ላይ አግዳሚው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ግድግዳ መውጣትስ?

መልስ፦ ካሜራውን አዙረው። በ1966 በጀመረው የባትማን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ጀግኖቹ በገመድ ሕንፃ ሲወጡ የሚታዩት ጎንበስ ብለው ወለል ላይ እየተራመዱ ነው። ካሜራው በጎኑ ተጋድሟል፣ ካባቸው ደግሞ "ወደ ታች" እንዲንጠለጠል በቀጭን ክር ከኋላ ተስቧል። ያቺ ክር ናት ቁም ነገሩ። ካባ፣ ፀጉር፣ የአንገት ሐብል፣ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ያጋልጥሃል። ወይ ሳበው፣ ወይ አስወግደው።

ጥያቄ፦ ልብሱን በምን ልሥራ? ኦሪጂናል የሚመስለው ዋጋው አይቀመስም።

መልስ፦ በፎም። ጂም ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈውን፣ እርስ በርሱ የሚሰካካውን ምንጣፍ ታውቂዋለሽ? እሱ ነው። ለደረትና ለትከሻ ወፈር ያለውን፣ ለጭምብል ስሱን።

ልኩን እንዲህ አውጪ። ተዋናዩን አሮጌ ቲሸርት አልብሺና በስስ ፕላስቲክ ጠቅልይው፤ በላዩ ፕላስተር ለጥፊ። የጥሩሩን ቅርጽ በማርከር እላዩ ላይ ሳዪ። ቀስ ብለሽ በመቀስ አውልቂውና በመስመሮቹ ቁረጪ። ጠፍጣፋ ሆኖ ሲዘረጋ ንድፍሽ እሱ ነው። ግማሹን ብቻ መሥራት ይበቃል፤ ሌላውን ጎን ገልብጠሽ ትጠቀሚበታለሽ። ፎሙን በአዲስ ምላጭ ቁረጪ፤ የደነዘ ምላጭ ይበጣጥሰዋል። በሙቅ አየር ስታሞቂው ላዩ ይለሰልሳል፤ ሳይቀዘቅዝ ጉልበትሽ ላይ ብታጎብጪው እንደጎበጠ ይቀራል። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀቢ፣ በጣት ሲነካ እስከማይዝ ጠብቂ፣ ከዚያ አጋጥሚ። አንዴ ከተገናኘ አይላቀቅም፤ ስለዚህ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ፣ መተንፈሻ ጭምብል አድርገሽ ሥሪ። የማስቲሽም የጋለ ፎምም ሽታ ቀልድ አይደለም።

ከቀለም በፊት በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ደጋግመሽ ቀቢው፤ አለበለዚያ ፎሙ ቀለሙን ይጠጣዋል። መጨረሻ ላይ ጥቁር ቀለም ቀብተሽ ወዲያው በጨርቅ ጥረጊው። ስንጥቁ ውስጥ የሚቀረው ጥቁረት ልብሱን የተለበሰ ያስመስለዋል። የአማተር ልብስ የሚታወቀው በስፌቱ ሳይሆን በንጽሕናው ነው።

ካባው ከባድ ጨርቅ ይሁን፤ ሳሳ ያለው የአልጋ ልብስ ይመስላል። ጠርዙ ውስጥ ክብደት ስፊበት። አንገቱ ላይ ግን አትሰሪው! ከውስጥ ካለው ልብስ ጋር ትከሻው ላይ አያይዢው። አንድ ሰው ካባውን ቢረግጠው ልጁ መታነቅ የለበትም። ከጭምብሉ ሥር ደግሞ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ሜካፕ ቀቢው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ጀግናው ወዲያው የልደት ድግስ ላይ ያለ ልጅ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ግሪን ስክሪን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከተዋናዩ ጀርባ ተሰቅሎ ኤዲት ላይ በሌላ ምስል የሚተካው አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ለመጀመሪያው ፊልም፣ በኔ አስተያየት፣ አያስፈልግህም። የግድ ካልክ ጨርቁ አይጨማደድ፣ ብርሃኑ እኩል ይሁን፣ ተዋናዩ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። ሲጠጋ አረንጓዴው ትከሻው ላይ ያርፍና ኤዲት ላይ ያስለቅስሃል። ጀግናህ አረንጓዴ የሚለብስ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ ውሰድ፤ አለዚያ ጭንቅላቱ ብቻ አየር ላይ ይቀራል። ለኤዲቱ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ቅጂ አለው፣ ብሌንደር የሚባለው የግራፊክስ ፕሮግራምም ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ድብድቡ እንዳይቀልድብን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ካሜራው ከተመቺው ጀርባ ወይም ከመቺው ትከሻ በላይ ይቁም። ቡጢው ከፊቱ አንድ ክንድ ርቆ ቢያልፍም ከዚያ ማዕዘን የነካ ይመስላል። ቡጢውን እውነት የሚያስመስለው ተመቺው ነው፤ ጭንቅላቱን በጊዜው ካላዞረ ምንም ኤዲት አያድነውም። መጀመሪያ እንደ ጭፈራ በዝግታ፣ እየቆጠራችሁ አጥኑት። ስሎው ሞሽን ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ በ60 ፍሬም ቅረጹ፤ በ24 ሲጫወት ሁለት ተኩል ጊዜ ይዘገያል። ኤዲት ላይ በግድ ማዘግየት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ከከፍታ መዝለል፣ እሳት፣ መኪና፣ የለም። እውነተኛ የሚመስል የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ አደባባይ መውጣትም የለም፤ የሚያልፈው ሰው ፊልም መሆኑን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ድምፁን በስልኩ ማይክ ብንቀዳስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው የማልደራደረው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ወዲያው ያዘጋዋል። ርካሽ የደረት ማይክ ግዛ። እሱም ከጠፋ ሁለተኛ ስልክ መቅጃ ላይ አድርገህ ተዋናዩ ኪስ ውስጥ ክተተው፣ ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም አንዴ አጨብጭብ። ከየቦታው ከመነሳትህ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ 30 ሴኮንድ የቦታውን ዝምታ ቅዳ። ኤዲት ስታደርግ ትመርቀኛለህ።

ጭምብል ደግሞ በረከት ነው። አፉ ካልታየ ንግግሩን ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሥር ሆኖ እንደገና ማስቀዳት ትችላለህ። አጥንት ሲሰበር ካሮት ስበር። ካባ ሲወዛወዝ ወፍራም ጨርቅ ማይኩ አጠገብ አራግብ። ለቡጢ የቆዳ ጃኬት በጥፊ መምታት ከሁሉ በለጠብን።

ጥያቄ፦ የገጸ ባሕርይው ባለቤቶች ይከሱኝ ይሆን?

መልስ፦ ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ልንገርሽ። "ይህ ፋን ፊልም ነው፣ ትርፍ የለውም" ብሎ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ በራሱ ግን ከለላ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቶቹ ዝም የሚሉት ገንዘብ እስካልገባበት ነው። ከሱፐርሂሮ ውጪ ቢሆንም ሁሉም የሚጠቅሰው ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርከውን የስታር ትሬክን ጉዳይ ነው። "አክሳናር" የተባለው ፋን ፊልም ከአድናቂዎች ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2015 መጨረሻ የስታር ትሬክ ባለቤቶች ሲቢኤስና ፓራማውንት ከሰሱት፤ በጥር 2017 በስምምነት አለቀ። በመሀሉ፣ በ2016፣ ለፋን ፊልሞች መመሪያ አወጡ፦ አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ አይበልጥ፣ በሁለት ክፍል ቢሆን በድምሩ ከ30፣ መዋጮው ከ50,000 ዶላር አይለፍ፣ ተሳታፊዎቹ አማተሮች ይሁኑ፣ ክፍያም አያግኙ። መመሪያው የስታር ትሬክ ብቻ ነው። ግን ምን እንደሚያስቆጣቸው ያሳያል።

ስለዚህ አትሽጪው፣ ማስታወቂያ አታስገቢበት፣ የስቱዲዮውን አርማ አትለጥፊበት። የባለቤቱን ስም በግልጽ ጥቀሺ። አውርጂው ካሉሽ አውርጂው፤ ቅጂው ቤትሽ አለ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማን በቅርቡ ነፃ ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ በአሜሪካ ሕግ የ1938ቱ የመጀመሪያ እትም የቅጂ መብት በ2034 መግቢያ ላይ ያበቃል። ነፃ የሚሆነው ግን ያ የሚዘለው ሱፐርማን ነው፤ በኋላ የተጨመሩት አይደሉም፣ የንግድ ምልክቱም ይቀጥላል። እስከዚያ የራስህን ጀግና ብትፈጥርስ?

ጥያቄ፦ የምወደውን ዘፈን ማጀቢያ ባደርገው?

መልስ፦ አታድርጊው። ከፊልሙ በፊት የሚያስወርድሽ ዘፈኑ ነው። ኪቦርድ የሚነካ ጓደኛ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ለተዋንያኑ የምከፍለው የለኝም። ምን ይዤ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ እውነቱን። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ንገራቸው፣ በዚያው ሰዓት ልቀቃቸው። ምሳ አብላ። የትራንስፖርቱን ሸፍን። እኛ ሁለተኛው ፊልም ላይ "እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ" ብለን አስር ሰዓት ድረስ አቆየናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱ ስልክ አላነሱም። እውነታቸውን ነው። "ታዋቂ ትሆናለህ" የሚባለውን ደግሞ ተወው፤ ማንም አያምነውም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛውን ፊልም ደጋግሜ አየዋለሁ ብለሃል። የትኛው ትዕይንት ላይ ነው የምታቆመው?

መልስ፦ ስክሪፕቱ ላይ ያልነበረው ላይ። ሁለተኛው የቀረጻ ቀን ካባው ሚስማር ያዘውና ተቀደደ፤ ዝናብም ጀመረ። ሥራ ቆመ። ደረጃ ሥር ተጠልለን ሳለ ዋናው ተዋናይ መርፌና ክር ይዞ፣ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ካባውን መስፋት ጀመረ። ካሜራውን አብርቼ ዝም አልኩ። 20 ሴኮንድ ነው። ልጁ መስፋት አይችልም፤ ጣቱን ሁለት ጊዜ ወጋ። አንደኛው ፊልሙ ውስጥ አለ።