ጸብ ያልሆነውን ጸብ ብለን ስናስታርቅ፦ በትምህርት ቤትና በስልክ ስለሚደረግ ማሸማቀቅ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጋይዳንስ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ማሸማቀቅ፣ ልጆቹ «ቡሊ» ስለሚሉት ነገር፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከተማሪም ከወላጅም ከመምህርም መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ማንነት የሚያሳውቀውን አውጥቼ እመልሳለሁ።

«ቲቸር፣ የክፍሌ ልጆች በየቀኑ ሙድ ይይዙብኛል። ስቆጣ ‹ቀልድ አታውቅም እንዴ?› ይሉኛል። እውነት እኔ ነኝ ቀልድ የማላውቀው?» (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

አይደለህም። አንድ ነገር ሞክር። ረጋ ብለህ «ይሄ ነገር ደስ አይለኝም፣ ተዉት» በላቸው። ጓደኛ ከሆኑ ያፍራሉ፣ ይተዉታል። ከባሰባቸው ግን ቀልድ እንዳልነበረ ራሳቸው ነገሩህ ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰፊው ያጠናው በኖርዌይ የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳን ኦልዌየስ ነው። ሦስት ነገር እዩ ይላል። ሆን ተብሎ ነው ወይ? ይደጋገማል ወይ? በሁለቱ መካከል የአቅም ልዩነት አለ ወይ? ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አቅም ማለት ጡንቻ ብቻ ይመስለዋል። እነሱ አምስት፣ አንተ አንድ ከሆንክ እሱም አቅም ነው። እሱ የሰፈሩ ልጅ፣ አንተ ዘንድሮ ከክፍለ ሀገር የመጣህ ከሆንክም ያው ነው። ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ያላት ልጅም አቅም አላት። አንተ መልሰህ ሙድ ብትይዝባቸው አብረው ይስቃሉ ወይስ ይነሱብሃል? መልሱን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

«አንዱ ተማሪ ሌላውን ሲያሸማቅቀው ከረመ። ሁለቱንም ጠርተን መከርናቸው። ይቅር ተባብለው፣ ተቃቅፈው ወጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ምን አጎደልን?» (ዩኒት ሊደር)

መምህር፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ረዘም አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይህንን ነው።

ያስታረቃችሁት ያልተጣሉ ልጆችን ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ቅሬታ ቢኖራቸው ኖሮ እርቁ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን አንዱ በዳይ፣ ሌላው ተበዳይ ነው። ሁለቱን አንድ ቢሮ አስገብተን «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» ስንል ተበዳዩ ግማሹን ጥፋት ተሸክሞ ይወጣል። በዳዩም የሚማረው አለ። ለከረመ በደል የሚከፈለው ዋጋ አንድ ማቀፍ ብቻ መሆኑን ይማራል። እያቀፈው «ቆይ፣ ውጪ እንገናኛለን» ብሎ በጆሮው የሚነግረውም አለ። እርቅ እንወዳለን፣ እኔም እወዳለሁ። ሽምግልና ግን እኩል ቆመው መናገር ለሚችሉ ሰዎች ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ተበዳዩን ለብቻው አነጋግሩት። «ለምን ይጠሉሃል?» አይባልም። የት፣ መቼ፣ እነማን ባሉበት ነው የሚጠየቀው። ቦታው ብዙ ጊዜ አይቀየርም። ሽንት ቤት፣ የኋላ ወንበር፣ መምህር ሲቀያየር ያለችው ክፍተት፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ታክሲ መያዣው። ቦታው ከታወቀ እዚያ አዋቂ ማቆም ይቻላል።

ቀጥሎ በዳዮቹን አንድ በአንድ ጥሩ፣ ሳይመካከሩ። ረጅም ምክር አያስፈልግም። «የሆነውን እናውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። አንተ በበኩልህ ምን ታደርጋለህ?» በቂ ነው። የተበዳዩን ስም እንደ ከሳሽ አታንሱ። በቡድን ሲጠሩ ጀግኖች ናቸው፣ ለየብቻ ሲሆኑ ግን አብዛኞቹ «እኔ እንኳ ብዙም አልነበርኩበትም» ማለት ይጀምራሉ። የምትፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ኪቫ የሚባል ፕሮግራም አለ። የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። አካሄዱ ከላይ ካልኩት ጋር ይቀራረባል። አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ ይጨምራል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በክፍሉ የሚደመጡ ጥቂት ተማሪዎችን ጠርቶ «አጠገቡ ሁኑለት» ይላቸዋል። ይህ በጀት አይፈልግም። ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይሠራል።

ክትትሉን አትርሱ። ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ልጁን ጥሩት። እኛ ዘንድ ፋይሉ የሚዘጋው ወላጅ መጥቶ ሲፈርም ነው። ልጁ ግን ወላጅ ስለፈረመ ብቻ ከነገ ጀምሮ ተዝናንቶ ሽንት ቤት አይገባም።

«እኔ ተሳድቤ አላውቅም። ግን ሌሎቹ ሲያደርጉባት እስቃለሁ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ?» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)

ሳቅህ ነዳጅ ነው። በዳዩ የሚሠራው ለተመልካች ነው፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ብዙም አይሞክረውም።

ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የልጆችን ጨዋታ በቪዲዮ ቀርጸው አጥንተው ነበር። ቡሊ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ጣልቃ የሚገቡት ጥቂት ናቸው። ሲገቡ ግን ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። እናንተ ከእነዚያ ልጆች ትበልጣላችሁ፣ ስለዚህ በቀላሉ ይቆማል ብዬ አልዋሽህም። ግን «ጀግና ሁን፣ መሀል ግባ» አላልኩህም። አትሳቅ። «ነይ፣ የኬሚስትሪ ደብተርሽን ልይ» ብለህ ከዚያ አውጣት። ግሩፕ ላይ ከሆነ ላይክም ኢሞጂም አታድርግ፣ ፎርዋርድ አታድርግ። ማታ በግል «ያደረጉት ነገር ልክ አይደለም» ብለህ ጻፍላት። ይህቺን አንዲት መስመር ስንት ልጅ እንደሚጠብቃት እኔ ቢሮ ቁጭ ብለህ ብትሰማ ይገርምህ ነበር።

«በስሜና በፎቶዬ ፌክ አካውንት ከፍተው ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ። የትምህርት ቤታችን የኮንፌሽን ቻናል (የላኪው ስም ሳይታይ ወሬ የሚለጠፍበት) ላይም ስለ እኔ ወጥቷል። መጀመሪያ ምን ላድርግ?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መጀመሪያ አትመልሺላቸው። ሁለተኛ፣ ብሎክ ከማድረግሽ በፊት ማስረጃ ያዢ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው መልእክቱን ከአንቺም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። ነገ ስትፈልጊው ላታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ ወዲያው ስክሪንሾት። ቀኑና ሰዓቱ፣ የአካውንቱ ዩዘርኔም አብሮ ይታይ። የፖስቱንም ሊንክ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ፣ የአካውንቱ ስም ሊቀየር ይችላልና። ሲክሬት ቻት ላይ ስክሪንሾት እንቢ ካለሽ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው።

ከዚያ ሪፖርት አድርጊ፤ ጓደኞችሽም ያድርጉ። የቻናሉን አድሚን ካወቃችሁት ደግሞ በግልጽ አውርድ በሉት። ብዙ ጊዜ የእናንተው ሲኒየር ነው፣ «ቦቱ ነው የለጠፈው» ይላል። ቦቱን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቺ። ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገቡሽ የምታውቂያቸው ብቻ እንዲሆኑ አድርጊ። ካልነካሽው ማንም ያስገባሻል። በመጨረሻም ለአንድ አዋቂ ንገሪ። ማስረጃው በእጅሽ ካለ «አጋነንሽው» የሚል አይኖርም።

«ፎቶ ልኬለት ነበር። አሁን ሌላ ካልላክሽ እለቀዋለሁ ይለኛል። እናቴ ብታውቅ ትገድለኛለች።» (ተማሪ)

ሌላ አትላኪ። ገንዘብም ቢሆን አትላኪ። አንዴ የተሰጠው ሰው ተመልሶ ይመጣል እንጂ አይረካም። ቻቱን አታጥፊው፣ የሚያፍሩበትን ማጥፋት ያምራል ግን ማስረጃሽ እሱ ነው። አንቺ የሠራሽው ወንጀል የለም፤ እያስፈራራ ያለው እሱ ነው።

ዕድሜሽ ከ18 በታች ሳለ የተነሳ ፎቶ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ አይወጣም። ከፎቶው የሚሠራ የቁጥር አሻራ ብቻ ነው የሚላከው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት በዚያ አሻራ ፎቶውን ለይተው ለማውረድ ይጠቀሙበታል። ከየትም አገር ይሠራል። እናትሽን ከፈራሽ አክስትሽን፣ ጋይዳንሷን፣ የምታምኛትን መምህር ይዘሽ ሂጂና እሷ ከእናትሽ ጋር ታውራ። ይህን ብቻሽን አትያዢው።

«በሕግ ያስጠይቃል ወይ? ልጆች ናቸው ይባላል።» (አባት)

ያስጠይቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በቪዲዮ ማስፈራራትን፣ ስለ ሰው መረጃ ደጋግሞ በመላክ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ማድረስን፣ ክብር ማጉደፍን ይቀጣል። የሕፃናትን የወሲብ ምስል የሚመለከተው አንቀጽ 12 ነው። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ላይ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ሲሆን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። «ልጅ ነው» የሚለውም እስከመጨረሻው አያስኬድም። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ በልዩ እርምጃ ይታያል። 15 ካለፈው ግን መደበኛው ሕግ ይመለከተዋል፣ ዳኛው ቅጣቱን ማቅለል ቢችልም። ፖሊስ ግን የመጀመሪያው በር እንዲሆን አልመክርም፤ ማስፈራራትና የፎቶ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር።

«ስልኩን ልቀማውና ልገላገል?» (እናት)

አይቀሙት እህቴ። ልጆች ለወላጅ የማይናገሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው ተደጋግሞ የሚመጣው ይኼው ነው፤ «ስልኬን ትወስድብኛለች።» የተበደለውን ልጅ ስልክ መቀማት ቅጣት ይሆንበታል። ግሩፑም እሱ ባይኖርበትም ይቀጥላል። ይልቅ ዛሬ ማታ፣ ምንም ሳይከሰት፣ «የሚያስጨንቅህ ነገር ስልክህ ላይ ቢመጣ አሳየኝ፣ ስልኩን አልወስድብህም» ብለው ቃል ይግቡለት። ቃልዎን ደግሞ ይጠብቁ።

«አባቴ ‹መልሰህ ምታው› ይለኛል።» (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

አባትህ ተናዶልህ ነው። ግን አምስት ሆነው ነው የሚመጡት፣ አንተ ብትመታ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የምትቀርበው አንተ ነህ። አባትህ ያን ንዴቱን ይዞ ትምህርት ቤት ይምጣ።

«ትምህርት ቤት ጠሩኝ። ልጄ ነው አሉ ሌላውን የሚያሸማቅቀው። እቤት እኮ ጨዋ ነው።» (እናት)

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አይከላከሉለት፣ አይግረፉትም። ግርፋት ጉልበት ያለው እንደፈለገ ያደርጋል የሚለውን ትምህርት ነው የሚያጠናክርለት። የሆነውን በራሱ አፍ ይንገርዎት። «እሷ ጀመረችኝ» ሲል ያቁሙት፤ የሚጠየቀው እሱ ያደረገው ነው። ከዚያ የሚያስተካክለው ነገር ይኑር። የለጠፈውን ያውርድ፣ ላሳያቸው ሰዎች ውሸት ነው ብሎ ይጻፍ። እሱንስ የሚያሸማቅቀው ሰው አለ ወይ የሚለውንም አጣሩ፤ ታላቅ ወንድምም ሊሆን ይችላል።

«የሚሰድበኝ መምህሩ ቢሆንስ? በአነጋገሬ ክፍሉን ያስቅብኛል።» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ)

ይህ ያሳፍራል፣ አንተን ሳይሆን እኛን። መምህር ሲስቅ ክፍሉ ሁሉ ፈቃድ ያገኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቁ ይላል። የተናገረውን ከነቀኑ ጻፍ። ብቻህን አትጋፈጠው። ወላጅህ ለርእሰ መምህሩ፣ ካልሆነም ለወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት በጽሑፍ ያቅርቡ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ኮሪደር ላይ ይቀራል።

«ሜሪላንድ ነው ያለነው። ልጄን በስሟና በምሳዋ ያሾፉባታል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።» (እናት)

እንጀራውን ትታ ሳንድዊች ትያዝ እንዳይሉ አደራ። ሜሪላንድ ውስጥ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቡሊ ሪፖርት ማድረጊያ ቅጽ አለው፤ ወላጅም ተማሪም መሙላት ይችላል። ቅጹን በስሙ ጠይቁ። በጽሑፍ ከገባ ትምህርት ቤቱ ማጣራት አለበት። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት፣ ልጅዎ እንድታስተረጉም አይፍቀዱ። በኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ «የግሬስ ሕግ» የሚባል ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ አለ።

«ልጄ ዝም ብሏል። ማርኩ ወርዷል፣ ሰኞ ሰኞ ሆዴን ይላል። መኖር ሰለቸኝ ሲል ሰማሁት።» (አባት)

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዘው ዛሬውኑ ይነሱ። በቀጥታ ይጠይቁት፤ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፣ ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። መድኃኒት፣ ገመድ፣ ስለት ከአጠገቡ ያርቁ። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ሌላ ቦታ ከሆኑ የሚቀርብዎ ሆስፒታል። ጸበልም ዱዓም አብሮ ይሂድ፣ ሐኪሙን ግን አይተካ። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ነገ እንደርስበታለን።

«የሚኒ ሚዲያ ክበብ ነን። አንድ ነገር መሥራት እንፈልጋለን። ድራማ ይሻላል ግጥም?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች)

ዩኔስኮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ወር የመጀመሪያው ሐሙስ በትምህርት ቤት የሚደርስ ጥቃትንና ማሸማቀቅን የሚቃወም ቀን ያከብራል። እኛ ዘንድ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ይውላል፣ ለዚያ ድረሱ። ድራማው ላይ የሚደበደበውን ልጅ ብቻ አታሳዩ፣ ያን ሁሉም ያውቀዋል። ቆመው የሚስቁትን ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጓቸው። ከድራማው በፊት ደግሞ ስም የማይጻፍበት አንድ ጥያቄ በትናንሽ ወረቀት በትኑ፦ «ግቢው ውስጥ የምትፈራው ቦታ የት ነው?» መልሱን ሰብስባችሁ ለዩኒት ሊደሮች ስጡ። ሚኒ ሚዲያ ላይ ግን አታንብቡት።