ሠራተኞች ራሳቸው ባለቤት ስለሚሆኑባቸው ማኅበራት ለጋሽ ይመር የቀረቡ ጥያቄዎች

ጋሽ ይመር በደቡብ ወሎ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አባላችን ናቸው።

ሰይድ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሽ ይመር፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ከታገደች በኋላ ከሥራ የተቀነስን ልብስ ሰፊዎች ነን። ማኅበር ልናቋቁም ብንነሣ ሽማግሌዎቻችን «ማኅበር የሚባለውን አይተነዋል» አሉን። እንዴት እናሳምናቸው?

ጋሽ ይመር፦ ከማሳመናችሁ በፊት አድምጧቸው። በደርግ ዘመን ገበሬው መሬቱንና በሬውን ይዞ በአምራቾች ማኅበር እንዲገባ ይገፋ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅም አብዛኞቹን ማኅበራት ገበሬው ራሱ በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሳቸው። ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት ይህን ስለሆነ፣ መግባት በፈቃድ መሆኑን፣ የሚወጣ አባልም ዕጣው (በገንዘብ የገዛው ድርሻ) መቼና እንዴት እንደሚመለስለት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጽፋችሁ አንብቡላቸው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ብዙ ዕጣ የገዛውም ጥቂት የገዛውም ድምፁ አንድ መሆኑን ጨምሩበት። ደንቡ ሳይጸድቅ ግን ማሽን አትግዙ።

ከድጃ (ደሴ)፦ ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ሰው እጁ ባዶ ነው። የቅሬአችንን (የእድራችንን) ገንዘብ በዕጣ ብናስገባውስ?

አበበ (ወልድያ)፦ ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለንግድ አይነካም፤ ሥራው ቢከስር ሬሳ በምን ይነሣል?

እንድሪስ (ሐይቅ)፦ ወንድሜ፣ ባንክ ተቀምጦም በኑሮ ውድነት እየተበላ ነው።

አበበ፦ የተበላው ቀሪ አለው፤ የከሰረው ግን ቀሪ የለውም።

ጋሽ ይመር፦ ከርእሳችን ወጥታችኋል። የቅሬው ገንዘብ ባለበት ይቆይ፤ ለቅሬው የሚቀርበው ጥያቄ የሥራ ትእዛዝ ነው። ድንኳኑን እናንተ ብትሰፉለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራችሁን በዓይኑ ያያል፤ በዚህ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ድጋፍ አላውቅም።

መሐመድ (ከሚሴ)፦ ከወለድ ነፃ ብድር ይገኛል?

ጋሽ ይመር፦ ባንኩን ጠይቅ።

ሰይድ፦ ያገለገለ የስፌት ማሽን በርካሽ አግኝተናልና ቀብድ ብንከፍልስ?

ጋሽ ይመር፦ ሰይድ፣ ከላይ የጻፍሁትን አንብበኸዋል? ደንቡ ሳይጸድቅ ቀብድም ቢሆን ግዢ ነው።

ሙሉ (ደሴ)፦ ስፔን ውስጥ ሞንድራጎን የሚባለው የሠራተኞች ማኅበራት ስብስብ እንዴት ጸና?

ጋሽ ይመር፦ መልካም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ተጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን የቁጠባና የብድር ተቋም መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከማኅበራቱ መካከል የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ፋጎር ሲከስር፣ ከባለቤት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወደ እኅት ማኅበራት ተዛውረው ሥራ አገኙ። ፋጎርን እኅቶቹ አላዳኑትም፤ ሰዎቹን ግን አዳኑ። ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ሰፊዎች በየፊናችሁ ከመቆም፣ አንዱ ሥራ ሲያጣ ሌላው አባላቱን የሚቀበልበትን ውል ገበያው ሳይጠፋ ተዋዋሉ። ሒሳባችሁንም በየዓመቱ አስመርምራችሁ ውጤቱን በጠቅላላ ጉባኤ አንብቡ፤ መዝገቡን የማያሳይ ማኅበርን ማንም እኅት አይቀበለውም።